ስም ያልወጣላቸው ቁልፎች

«ቤት ይቀመጥ እንጂ፤ እኛ እያለን ምን ይጎድልበታል?» ያለው አባቱ ነበር፤ ይህን በደንብ ያስታውሳል። አጎቱ የመለሰውን ግን ግማሹን በሩ በላው። «ኧረ ተው፣ ይሄ ልጅ እኮ...» እንዳለ አንድ ሰው በሩን ገፋው፤ ተዘጋ። ያኔ ገና ልጅ ነበር፤ ዓይኑ ከተወለደ ጀምሮ ብርሃን አያውቅም። ዛሬ ጠጉሩ ገብስማ ሆኖ፣ በደም ባንኩ የስልክ ክፍል ጥግ ቆሞ፣ ያቺ ያላለቀች ንግግር ትዝ አለችው።

የቆመው ወንበሩን ስለወሰዱበት ነው። ጠዋት ተላላኪዎቹ ወደ እንግዳ መቀበያው ገፍተውት ሄደዋል። ከነገ ጀምሮ፣ እስከ ዛሬ እሱ ሲደውልላቸው የኖሩት ደም ለጋሾች የሚጠሩት በአዲሱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ የሚያይ ሰው ይፈልጋል ተብሏል። ሲስተር፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ክፉ ሆና አይደለም። «ጋሽ ሃሎ፣ እዚያ ቁጭ ብለህ እንግዳ ታጫውታለህ፤ ደመወዝህ እንደሆነ አይነካም» ብላዋለች። ጋሽ ሃሎ የሚሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ስልክ ሲደውል ድምፁ ኮሪደሩን አልፎ ስለሚሰማ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይምጡ» አለች ፕሮግራሙን የሠራችው ልጅ። «ሳይሰሙት አይሂዱ።» ከመቀመጫዋ ተነስታ አስቀመጠችው።

ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብለት ድምፅ የዘመናት ወዳጁ ነው። ጋሽ ሃሎ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ድምፁ «ቁልፍ» አለ። ወደሚቀጥለው አለፈ፤ «ቁልፍ»። ደግሞ አለፈ፤ «ቁልፍ»።

ሲስተር ሳቀች። «ምነው፣ ቤቱ ተቆልፎበት ነው እንዴ?»

ልጅቷ አልሳቀችም። «ቁልፎቹ ላይ ሥዕል ብቻ ነው ያደረግኩት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስልክ፣ የደም ጠብታ፣ የቀን መቁጠሪያ። ስም አላወጣሁላቸውም። ለእኔ ዓይን በቂ መስሎኝ።»

ጋሽ ሃሎ ብዙ ባለሙያ ያውቃል። ኔትወርኩን የሚያማ አለ፤ ማሽኑን የሚረግም አለ፤ «ለአንተ እኮ አልተሠራም» ብሎ የሚገላገልም አለ። ይቺ ሰበብ አልፈለገችም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ራሷ ጎተተችው።

«ተይው ልጄ፣ አትድከሚ። ከሥራ መውጫ በኋላ ዋናውን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ መንካት አይቻልም ተብሏል።»

«እስከዚያ ጣት አለኝ፣ ጋሼ።»

አዳመጣት። ጣቶቿ አይጣደፉም፤ ትንሽ መታ ታደርግና ታርፋለች፣ ያደረገችውን ለራሷ ታነበዋለች፣ ትቀጥላለች። ጠብታዋን «የደም ዓይነት» አለቻት፤ ስልኳን «ለጋሹን ጥራ»። አራስ ቤት ገብታ ስም የምታወጣ ነው የምትመስለው። የምታደርገውንም ሳትደብቅ ትነግረዋለች፦ «አሁን በጃቫ የጻፍኩትን ፕሮግራም ሁሉ ጠቅልዬ አንድ ፋይል አደረግኩት። ይኸው ሰርቨሩ ላይ ጫንኩት። አሮጌውን ጥሎ አዲሱን ይዞ እስኪነሳ መጠበቅ ነው።»

ጠበቁ። እሱ በልቡ «አንተ ታውቃለህ» አለ፤ ከዚያ በላይ መለመን ከበደው።

አንድ ነገር ጠቅ ሲል ሰማ። «ምነው የኮምፒውተሩን ማያ አጠፋሽው?» አለች ሲስተር።

«እሳቸው የሚሰሙትን እኔም ልስማ ብዬ ነው።»

ጋሽ ሃሎ ዞሮ ወደ ልጅቷ ድምፅ ፊቱን አቀና። እንዲህ ያደረገ ሰው ገጥሞት አያውቅም።

«የደም ዓይነት፣ ቁልፍ» አለ አንባቢው፤ ጥሩ። ከዚያ ልጅቷ የቀን መቁጠሪያው ውስጥ ገባች። አንባቢው ቀኖቹን አንድ በአንድ ጠራ፤ ወሩን ጨረሰና እንደገና ከአንድ ጀመረ። ብትል ብትሠራ አልለቅ አላት። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እየተጠራራ ያየውና «ሲከፈት አበባ ይመስላል» ያለላት ያው የቀን መቁጠሪያ ነው። ጋሽ ሃሎ ቅር ብሏት እንደሆነ ትንፋሿን አዳመጠ። የሰማው ሳቅ ነው።

«ወይኔ! አበባ ብዬ እስር ቤት ሠርቻለሁ!»

«እኔን ብለሽ እንዳታፈርሺው።»

«አላፈርሰውም። መውጫ አበጅለታለሁ፤ ከጎኑ ደግሞ ቀን መጻፊያ ቦታ። የፈለገ ይንካ፣ የፈለገ ይጻፍ።»

እንደገና ጣቶቿ፣ እንደገና መጠቅለል፣ እንደገና መጫን። በኮሪደሩ ቦርሳ ሲዘጋ፣ «ደህና እደሩ» ሲባል ይሰማል። ሲስተር የመኪናዋን ቁልፍ እያንቀጫቀጨች ቆማለች፤ ግን አልሄደችም።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ተራ።»

«የደም ዓይነት፣ ቁልፍ።» ተጫነ። «ቀን፣ መጻፊያ።» ጻፈ። ቀናቸው የደረሰ ለጋሾች ዝርዝር መነበብ ጀመረ፤ ከላይ ያለው ስም ሲነበብ ጋሽ ሃሎ ፈገግ አለ። «ለጋሹን ጥራ፣ ቁልፍ።» ተጫነ።

የሲስተር ስልክ ኪሷ ውስጥ ጮኸ።

«ሃሎ!» አለ፤ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ። «ከደም ባንክ ነው የምንደውለው። የመለገሻ ቀንዎ ደርሷል፤ ነገ ጠዋት ይመቸዎታል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ፊትህ ቆሜ!» አለች ሲስተር፤ ስልኩን ግን ከጆሮዋ አላወረደችም። «እሺ፣ ይመቸኛል።»

«እግዜር ይስጥልን። ሲመጡ ወንበሬን ይዘውልኝ ቢመጡስ?»

የሲስተር የመኪና ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ሲገባ ሰማ።

«እሺ» አለች ሲስተር፤ ድምጿ በስልኩም በክፍሉም አንድ ላይ መጣ። ነገን አልጠበቀችም። የጫማዋ ኮቴ ወደ እንግዳ መቀበያው ራቀ፤ ቆየት ብሎ ያ አንድ እግሩ የሚንቋቋው ወንበሩ፣ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ፣ ማንም ባልዘጋው በር በኩል እየቀረበ መጣ።