የእርቁ ወረቀት

አምሳሉ ሚኒባሱ ከባጃጅ ጋር በተጋጨ በሳምንቱ ፒያሳ ወዳለው የኢንሹራንስ ቢሮ ሲሄድ፣ ነገሩን የሚያሳጥርለት መስሎት የእርቁን ወረቀት ከሰነዶቹ ሁሉ ላይ አድርጎ ነበር። ሠራተኛዋ ግን አንብባ ስትጨርስ የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርት ከጎኑ ዘረጋችና ሁለቱን ታስተያይ ጀመር።

«ጋሼ፣ ፖሊስ ጥፋቱ የባጃጁ ነው ይላል። ሳያይ የገባብዎት እሱ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ እርስዎ ‹ጥፋቱ የእኔ ነው› ብለው ሽማግሌዎች ፊት ፈርመዋል።»

«ለእርቅ ነው እኮ፣ የኔ ልጅ። ሆስፒታል የተኛውን የባጃጁን ነጂ ልጠይቅ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስሄድ ነው የተጻፈው።»

«እኛን ሳያማክሩ ጥፋተኛ ነኝ ካሉ ድርጅቱ መኪናዎን አያሠራልዎትም። ውሉ ላይ አለ።»

አምሳሉ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። የእሱ ፊርማ እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ከሥሩ ያለው የባጃጅ ነጂው ፊርማ ግን ተንጋዶ ከመስመሩ ወጥቷል። ቀኝ እጁ ጀሶ ውስጥ ስለነበር በግራው ነው የሞከረው።

«ካላጠፉ ታዲያ ለምን ፈረሙ?» አለችው።

የተንጋደደውን ፊርማ በጣቱ ዳሰሰው።

«እሱ በጀሶ ታስሮ ተኝቷል። እኔ በእግሬ ሄጄ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ጥፋቱ ያንተ ነው ልበለው?»