የማይሰበረው መነፅር

መነፅር ሠሪው ከሚስቱ ከፌቨን ጋር ስምንት ዓመት ሲኖር ስለ ማንም ዓይን ስትጨነቅ ሰምቷት አያውቅም። አሁን ግን ቴኒስ በጥንድ አብሯት ስለሚጫወተው ስለ ልዑልሰገድ ዓይን እንቅልፍ አጥታለች።

«መረቡ አጠገብ ስለሚቆም አንድ ቀን ኳስ ዓይኑን ያጠፋዋል። የማይሰበር መነፅር ሥራለት» አለችው።

«ዓይኑ እንዲህ ያሳሳል?»

«ጀመርክ ደግሞ! አንተ የማትቀናበት ነገር የለም።»

ሠራለት። ጠንካራ ፍሬም መረጠ፤ የማይሰበረውን የፕላስቲክ ሌንስ ግን ወደ መሳቢያው መልሶ፣ በአንድ ምት የሚረግፍ ተራ መስታወት ቆርጦ ገጠመበት። ወልውሎ ሲጨርስ ልዩነቱን ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«ይመችህ በይልኝ» ብሎ በእጇ ላከለት።

ቅዳሜ ጠዋት የክለቡ ውድድር ላይ ሳይጠሩት ሄዶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ገና እንደተቀመጠ ልዑልሰገድን ፈለገው። ሰውዬው መነፅር አላደረገም።

ፌቨን መረቡ አጠገብ ሆና እጇን አውለበለበችለት። መነፅሩ እሷ ፊት ላይ ነበር።

«ልዑልሰገድ ነው በግድ ያስደረገኝ!» አለች ጮክ ብላ። «የባልሽ መነፅር እኔ ላይ ሆኖ አንቺን ኳስ ቢመታሽ ምን እለዋለሁ ብሎ!»

ከማዶ ያለው ተጫዋች ኳሱን እያነጠረ ለመለጋት ተዘጋጀ።

«አውልቂው!» ብሎ መነፅር ሠሪው ከወንበሩ ተነሣ። «ፌቨን፣ አሁኑኑ አውልቂው!»

«በዚህም ቀናህ?» አለችና እየሳቀች ወደ ኳሱ ዞረች።