ናሙና አራት

«ወደ ኋላ መልሺው» አሏት ፕሮፌሰሩ።

ልጅቷ የመመረቂያ ጥናቷን አቅርባ፣ «አመሰግናለሁ» ብላ ጎንበስ ማለቷ ነበር። ለማጨብጨብ የተነሳው የአዳራሹ እጅ ባለበት ቀረ። ሸራው ላይ ያሉትን ምስሎች አንድ በአንድ መመለስ ጀመረች። የትኛው ላይ እንድትቆም እንደፈለጉ እያወቀች አልፋው ልትሄድ ስትል፣

«እዚያ ላይ! ናሙና አራት። ቅድም ስትሮጪበት አየሁሽ። እሳት ነው እንዴ?»

ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ሳቁ። ፕሮፌሰሩን በሌሉበት «ምላጩ» ነው የሚሏቸው፤ ምላጩ ሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ማየቱ አይከፋም።

ከፊት ረድፍ እናቷ የክት ልብሷን ለብሳ ተቀምጣለች። ከጎኗ ክራንቹን በጉልበቶቹ መሀል ያቆመው ወንድሟ ነው። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ ጢም አብቅሎም «ጩጬ» መባሉ አልቀረለትም። ጡንቻውን ከልጅነቱ ጀምሮ እየበላ የመጣው በሽታ አሁን ልቡ ደጃፍ ደርሷል። እሷም የፕሮቲንን ቅርጽ ላጥና ብላ ወጣትነቷን ላብራቶሪ ውስጥ የጨረሰችው በሱ ምክንያት ነው። ደሙን የሰጣት ቀን ብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን አንብቦ «በቃ፣ ስሜን ቀየርሽው» ብሏት ተሳስቀው ነበር። ናሙና አራት ማን እንደሆነ ከሁለቱና ከፕሮፌሰሩ በቀር የሚያውቅ የለም። ለእናታቸው ከብልቃጦቹ አንዱ ነው።

ትናንት ቢሯቸው ድረስ ሄዳ ለምናቸው ነበር። «ፕሮፌሰር፣ ነገ ወንድሜ ይመጣል። ስለ ናሙና አራት ሰው ፊት አይጠይቁኝ። እኔው ቀስ ብዬ ልንገረው።» ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «ይገባኛል፣ ልጄ» ብለዋት ነበር።

«ለዚህ በሽታ የሚጠበቀው አዲሱ መድኃኒት እዚህ ፕሮቲን ላይ ምን ይሆናል?» አሉ አሁን፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ።

«ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል።»

«እሱን መልስ ከጣልኳቸው ተማሪዎች ሁሉ ሰምቼዋለሁ። ያየሽውን ንገሪን። እንግዶችም አሉን፤ ሁሉም ሰው እንዲገባው አድርገሽ።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው ወንድሟ ላይ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ወይ ዲግሪው ነው፣ ወይ ውሸቱ።

«መድኃኒቱ የሚቀመጥባት ትንሽ ኪስ አለች» አለች። የገዛ ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «በሌሎቹ ናሙናዎች ኪሷ ክፍት ናት። ናሙና አራት ላይ ግን ዲኤንኤው ውስጥ አንዲት ፊደል ተቀይራለች። በዚያ የተነሳ ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ በነበረበት ቦታ ትልቁ ገብቶበታል። ቁም ሳጥን በር ላይ እንደ መገተር ማለት ነው።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ መድኃኒቱ መግቢያ የለውም።»

«ይሠራል፣ አይሠራም?»

«ለናሙና አራት አይሠራም።»

«ሌላ መንገድስ?»

«እስካሁን የለም።»

ከገምጋሚዎቹ መሀል ያሉት ሴት ሐኪም «በቃ፣ ተመልሷል» አሉ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው። ፕሮፌሰሩ ፈገግ ብለው ወንበራቸው ላይ ተለጠጡ። «በኔ በኩል አልፈሻል። ሳይንስ ዘመድ የለውም፤ ዛሬ ተማርሽው።»

ሰብሳቢው ከታዳሚው ጥያቄ ያለው ካለ ብለው ጠየቁ። ወንድሟ እጁን አነሳ። ክንዱ ብዙ መቆየት ስለማይችል በሌላኛው እጁ ደገፈው።

«ይሄን ያወቅሽው መቼ ነው?» አላት።

አዳራሹ ውስጥ ላለ ሰው ተራ ጥያቄ ነበር። ሰብሳቢውም ጥሩ ነው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ባለፈው ክረምት» አለች።

ያን ቀን ምስሉ ጠርቶ ሲወጣላት በደስታ ጮኻ ነበር። እንደዚያ ያለ ጥራት ያለው ምስል ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። የማን ፕሮቲን እንደሆነ ትዝ ያላት እስክትጠግብ ካየችው በኋላ ነው። ለማንም አልተናገረችም። ጩጬ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ፣ ከዚያም ወዲህ፣ «መድኃኒቱ ሲመጣ ባዶ ቤት እንዳያገኝ» እያለ ያችን የቀረችውን ጡንቻ ለማቆየት የቤታቸውን ደረጃ በላብ ተዘፍቆ ይወጣ ነበር። ከላይኛው ደረጃ ላይ ቆማ «በርታ፣ ትንሽ ቀረህ» የምትለው እሷ ነበረች።

ጩጬ እጁን አወረደ። «አመሰግናለሁ» አለ፣ እንደ ማንኛውም ጠያቂ።

እናቱ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። የሷ ሹክሹክታ መድረክ ድረስ ይሰማል። «ያ አልሠራም ያለችው ነገር ነጥብ ያስቀንስባታል እንዴ?»

«አይ፣ እማ።»

«ምነው ታዲያ ፊቷ ጠቆረ?»

«ደክሟት ነው» አላት። «አለፈች እኮ፣ አልሰማሽም?»

ጭብጨባው ተነሳ። እናትየው ፊቷ በራ፤ ጎንበስ ብላ ከወንበሯ ስር ለልጇ የገዛችውን እቅፍ አበባ አወጣች። ግን አበባውን ይዞ ማጨብጨብ አይሆንም። እጇ እንዲለቀቅላት ብላ ጩጬ ደረት ላይ አጋደመችውና፣ ብድግ ብላ ከሰው ሁሉ በላይ ማጨብጨብ ጀመረች።