ትምህርት ሲዘጋ

«ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል አላላችሁኝም?»

«ተዘግቷል።»

«ታዲያ ልጅቷ የምን ሥራ አለባት?»

«የቱ ነው የሌለባት?» አለች ይታየሽ፣ የወንድሟን ልጅ በሁለት ጉልበቷ መሃል አጣብቃ ሹሩባ እየሠራች። የዮርዳኖስ ግማሽ ራስ ተጎንጉኖ አልቋል፤ ግማሹ ገና እንደ ቆመ ነው፣ የተጣላ ድመት ይመስላል።

ደግሰው እህቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ ስልኩን አየ። ስልኩ ውስጥ ሁለት የአውሮፕላን ቲኬት አለ፤ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የዮርዳኖስ። ነገ ጎህ ሳይቀድ በኮንትራት መኪና ከሰቆጣ ላሊበላ፣ ከላሊበላ አዲስ አበባ። እዚያ አባትና ልጅ ለብቻቸው ትንሽ ይሰነብታሉ፤ ከዚያ እሱ ወደ ዱባይ ሹፍርናው፣ እሷ አዲስ አበባ ካለው አጎቷ ጋር ወደ አያቷ። ሌላ ፈቃድ የሚሰጡት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ቁመቷ እሱን ሊያህል ነው።

ከመጣ ጀምሮ ልጁን በወጉ አላያትም። ጠዋት ሲነሳ የለችም፤ አረም ናት ይሉታል። ቀን ሲጠይቅ፣ ፍልሰታ አይደል፣ ቅዳሴ ናት ይሉታል። ማታ ጉርሻው አፏ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ይጥላታል። ትምህርት የተዘጋበት ልጅ እንዲህ ሥራ ሲበዛበት አይቶ አያውቅም።

«እኔ የምነዳላቸው ሰዎች ልጆች» አለ፣ «ትምህርት በተዘጋ ማግስት ሻንጣቸውን ይዘው እልም ነው። በልተው፣ ዋኝተው፣ ወፍረው ይመለሳሉ። ዕረፍት ማለት እሱ ነው።»

እናቱ አመተ ማርያም ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን እየቋጩ ነበር። የዮርዳኖስ እናት ሌላ አግብታ ኒሯቅ ከተማ ከወረደች ወዲህ ልጅቷን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«ፍልሰታን አይጾሙም እንዴ ልጆቹ?» አሉት።

«ፍልሰታ የላቸውም እማ።»

«ውይ፣ ምስኪኖች።»

ደግሰው ግንባሩን አሸ። «እርስዎ ነዎት እኮ በስልክ የነገሩኝ። ትምህርት መቼ ይዘጋል ብዬ ስጠይቅዎ ሰኔ ተዘግቶ መስከረም ይከፈታል አላሉኝም?»

«አልኩህ። ዋሸሁ?»

«አልዋሹም።»

«መቼ ልምጣ ብለህ ብትጠይቀኝ ሌላ እነግርህ ነበር። አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ትምህርት ቤቱ ነው።»

«እሺ፣ ኦገስት ላይ ሻደይ እንዳለ በምን ልወቅ?»

«ኦገስት ምንድነው?» አለች ይታየሽ።

«ነሐሴ።»

«ነሐሴ ላይ ሻደይ እንዳለ አታውቅም?»

የሰቆጣ ልጅ ሆኖ ሻደይን መርሳት የገዛ ቤትን በር እንደ መሳት ነው። ግን እዚያ ሆኖ ፈቃድ ሲጠይቅ ወሩ ኦገስት ነበር። ኦገስት ውስጥ ጭቃ የለም፣ ጾም የለም፣ ከበሮ የለም። ደግሞስ ወንድ ልጅ ሻደይን የሚያውቃት በአጥር ቀዳዳ ነው፤ ቀኗን የሚጠብቁት ሴቶቹ ናቸው።

ከአጥሩ ውጪ የልጃገረዶች ድምፅ መጣ። «ዮርዲ፣ የላይ ሰፈሮቹ ወንዝ ወርደዋል። ሻደዩን ሳይጨርሱብን ነይ።»

«ቅጠሉን ለኔም እጨዱልኝ፣ ግማሼ ቀርቷል» አለች ዮርዳኖስ፣ አንገቷ እንደ ተጠመዘዘ።

«ሌላ ልጅ ታውርድላቸው» አለ ደግሰው። «ዘፈን ነው፣ ማንም ያወርደዋል።»

ይታየሽ እጇን አቆመች። «ነገ ሻደይ ሊወጣ ዛሬ ዘፈን አውራጃችንን ልትነቅል? የላይ ሰፈሮቹ ዓመቱን ሙሉ ሲስቁብን እኔ ነኝ እዚህ የምኖረው። አንተማ ትበራለህ።»

እህቱን ተዋትና ወደ ልጁ ዞረ። «አዲስ አበባ እኮ ነው ዮርዲ። ሆቴሉ መዋኛ አለው። ኬክ አለ።»

«ኬኩ የጾም ነው የፍስክ?»

ደስ አለው፤ የጠየቀችው የመጀመሪያ ነገር ነው። «ነገ ይፈታ የለ? ያሻሽን ትበያለሽ።»

«እዚህም ነገ ይፈታል» አለች። «ዶሮ አለን።»

ደግሰው ሰው የሚረዳው እንደሆነ ብሎ ግቢውን ዞሮ አየ። ዶሮዋ ነበረች፣ በአንድ እግሯ ታስራ። እሷም ግራ የገባት ትመስላለች።

ቁጢጥ ብሎ ፊቱን ከልጁ ፊት ትይዩ አደረገ። ሱሪው ጭቃ ነካ፣ ተወው።

«ስሚኝ። ትምህርትሽን እንዳልረብሽ ብዬ ነው። ሌሎቹ ሾፌሮች ለገና ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። ለፋሲካም ቀረሁ። ልጄ ዕረፍት የምትወጣው በክረምት ነው ብዬ፣ ለምኜ፣ ተጣልቼ ነው ፈቃዱን እዚህ ላይ ያስደረግሁት። ከኔ ጋር እንድትሆኚ። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

«ካልመጣሽ ሳንተያይ ነው የምሄደው። ሁለት ዓመት።»

የይታየሽ ጣቶች ቀስ ብለው ይጎነጉናሉ። ልጅቷ ዓይኗ ውሃ ሞላ፣ ከሹሩባው መጥበቅ ይሁን ከሌላ አይታወቅም።

«እኔ ነኝ ያላወቅሁት» አለ ደግሰው፣ ድምፁ ወርዶ። «ጥፋቱ የኔ ነው በቃ። ግን አንቺ ንገሪኝ። ከአረም፣ ከጾም፣ ከሻደይ የምትተርፊው መቼ ነው? መቼ ልምጣ?»

ዮርዳኖስ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከዚህ ሁሉ ሰው እስካሁን ማንም እሷን አለመጠየቁ እየገረማት አባቷን አየችው።

«ትምህርት ሲከፈት ና» አለችው። «ያኔ ሥራ እፈታለሁ።»