የሰፈሩ ልጣጭ

ጋሼ ዲበኩሉ የቆሻሻ ሰብሳቢዎች ማኅበር ግቢ በር ላይ ቆም አሉ። «ለይታችሁ ስጡን ትላላችሁ፤ ከዚያ ሁሉንም አንድ ገደል ትደፉታላችሁ። ለሰፈሩም የነገርኩት ይህንኑ ነው።»

መቱ ከተማ ስድስት ዓመት ቆሻሻ የሰበሰበችው ምንዳዬ አልተከራከረችም። «ዳይፐሩ ገደል ነው የሚገባው፤ አልዋሽዎትም» አለች። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ በግቢው ጥግ ያለውን ክምር የሸፈነውን የኮባ ቅጠል ገለጠች፤ በባዶ እጇ ጥቁር አፈር ዘግና ዘረጋችላቸው። «ይሄ የእርስዎ ሰፈር ልጣጭ ነው፤ በስብሶ ማዳበሪያ ሆኖ። ያዮ ያሉ ገበሬዎች ለቡና ችግኝ ይወስዱታል።»

ጋሼ በሁለት እጃቸው ተቀብለው አሸተቱት። ዝናብ ያባራበት ጫካ ይሸት ነበር።

«ተሳስቻለሁ» አሉ። «ለጎረቤቶቼ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ምንዳዬ ቀና ብላ አየቻቸው። «አይ ጋሼ፣ እርስዎ ይዘዋቸው ይምጡ። የምነግራቸው እኔ ነኝ።»