የታረመው ውሃ

«ቆላው ለም ነው፤ ውሃውም ከደጃችሁ ይፈስሳል» ይል ነበር የሰፈራው ሰውዬ በራችን ላይ ተቀምጦ። ልጅ ነበርኩ፤ መደብ ላይ ተኝቼ ነው የሰማሁት። አባቴ የመለሱለትን በሙሉ አላስታውሰውም፤ የእናታቸውን መቃብር አነሡ መሰለኝ። ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ሄዱ። እኛ ቀረን።

ዛሬ እዚያው በር ላይ ኤደን ተቀምጣለች፤ ባለፈው ወር መሬታችንን በኤሌክትሪክ መርምራ «ውሃ ሳይኖር አይቀርም» ያለችን ባለሙያ። ያኔ በስልኳ ያሳየችን ሥዕል መሃሉ ሰማያዊ ነበር፤ ውሃው ያ ነው አለችን። አባቴም ለቁፋሮው ብለው ጎድጓዳውን ማሳ የበልግ ገብስ ሳይዘሩበት ትተውታል።

ምንጩ ከነጠፈ ወዲህ ባለቤቴ ሀይማኖት ከገደሉ ሥር ውሃ ስታወጣ ወገቧ ተጎድቷል። ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ወንድሟ ዘንድ እንግባ ትላለች። አባቴ አልሄድም ይላሉ። እሳቸውን ጥዬ መሄድ አልችልም፤ እሷንም እዚህ ማቆየት አልችልም።

ኤደን ሌላ ሥዕል ታወጣለች። ሰማያዊው የለም።

ስሌቱ መሬቱን ሜዳ ነው ብሎ ይነሣል፣ ትላለች ቀስ ብላ። የእኛ ማሳ ግን በሁለት ተራራ መሃል የተሰነቀረ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ቅርጹ ብቻውን ውሃ ያለበት ያስመስላል። እነ ኤደን ተራራውንና ገደሉን አስገብተው እንደገና ማስላት ነበረባቸው።

«አርመነዋል፣ አባባ።»

አባቴ የሚያውቁት ማረም የማሳውን ነው። «አርማችሁ ምን ነቀላችሁ?»

ኤደን ወደ እኔ ትመለከታለች። «ውሃውን» ትላለች።

ጎረቤታችን አንዳርጌ ከጥግ ሆኖ ወደ አባቴ እያየ፣ እንግዲህ ገብስም ውሃም የማይበቅልበት ማሳ ያለው አያ ጓዴ ብቻ ነው፣ ይላል። ማንም አይስቅም፤ እሱም ራሱ።

«ከአረሙ ጋር እኮ እህሉም ይነቀላል፣ ልጄ» ይላሉ አባቴ።

«ደጋግሜ አየሁት፣ አባባ። መጀመሪያውኑ አልነበረም።»

«እንክርዳድ ነበር በይኛ።»

ለማንኛውም ይቆፈር ብዬ እለምናታለሁ። የመቆፈሪያው ማሽን ግን ወደ ሌላ ቀበሌ ታዟል።

ሀይማኖት አህያዋን እየነዳች ትደርሳለች። ጀሪካኑን አውርዳ ፊታችንን አንድ በአንድ ታያለች። አንድ ጣሳ ቀድታ ለእንግዳዋ ትሰጣታለች።

«ጾም ነኝ» ትላለች ኤደን። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች፤ የጾሙ ሰዓት አልፎ ሁላችንም እህል ከቀመስን ቆይተናል።

አባቴ ጣሳውን ያዩታል። ከዚያ ወገቧን ይዛ የቆመችውን ምራታቸውን። እኔ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፤ ምን ብዬ እንደምለምን ግን አላውቅም።

«ያ የወንድምሽ ቤት» ይላሉ በመጨረሻ፣ «ደወል ይሰማበታል?»

«ይሰማል፣ አባዬ።»

አንዳርጌ ተነሥቶ ይወጣል። አባቴ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ያስተካክላሉ።

«እንግዲያስ ከፋሲካ ወዲያ ይሁን።»