የማን ልጅ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ከተራራው ወደ ደባርቅ መውረድ ሲጀምር፣ አስጎብኚዎች በተከራዩት ክፍል ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያጎነበሰው ይግዛውና ከጀርባው ስልክ በሁለት እጇ ጨብጣ የቆመችው ጽጌሬዳ። ሦስተኛው አሻግሬ በስልኩ ውስጥ ነበር፤ መኪናውን ወደ ጨነቅ እየነዳ የጽጌሬዳን ባል ይፈልጋል።

ባሏ ገዱ በቅሎ ነጂ ነው። ጠዋት በቅሎውን ይዞ ከቡይት ራስ ብቻውን ተነሣ። እኩለ ቀን ላይ ደወለላትና «ጽጌ፣ ጨነቅ…» እንዳለ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። በቅሎዋ ግን ኮርቻዋ ሆዷ ሥር ዞሮ ብቻዋን ቡይት ራስ ተመልሳለች።

«አገኘኸው?»

«አንዴ ይጠብቁኝ፣ እትዬ።»

በቅሎ ነጂዎቹ ሁሉ የሄዱበትን የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ በኪሳቸው ይይዛሉ። መሣሪያዎቹ የላኩት ነጥብ እያንዳንዱ መረጃ ስም ተሰጥቶት በሚጻፍበት በአንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ተደባልቆ ይመጣል፤ ሺህ ምንተሺህ መስመር ነው፣ በዓይን አይለቀምም። ይግዛው ከኢንተርኔት በነፃ ባወረደው ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ፣ የተጠየቀውን ስም ከፋይል ለቅሞ በሚያወጣ ዝግጁ ፕሮግራም፣ ፋይሉን ይጠይቀዋል፦ የገዱን ነጥቦች አምጣ። ትናንት ያመጣ ነበር። ዛሬ ዜሮ አለው።

«ስሕተት» ቢለው ይሻለው ነበር። ስሕተት የለም፤ ፋይሉ ተነብቧል፤ ገዱ ብቻ የለም። ሁሉንም ነጥቦች አምጣ አለው። ዜሮ። ፋይሉን ራሱ ከፈተው፤ ነጥቦቹ ዓይኑ ሥር ተደርድረዋል።

«ምን አለህ?»

«ምንም አላለኝም።»

«ምንም ማለት… የለም ማለት ነው?»

«ኧረ በማርያም፣ አይደለም!» አለ። አይደለም ለማለት ምን ማስረጃ እንደያዘ ግን አያውቅም።

አሻግሬ መኪናውን ሲያቆም በስልኩ ተሰማ። «አባቴ፣ እንደምን ዋሉ? ገዱ የሚባል በቅሎ ነጂ በዚህ ሲያልፍ አላዩም?»

«የትኛው ገዱ? አገሩ ሁሉ ገዱ አይደል እንዴ!» አለ የሽማግሌ ድምፅ። «የማን ልጅ?»

«የሃብተ ጊዮርጊስ።»

«አዬ፣ እንዲያ አትለኝም ኖሯል! የሃብተ ጊዮርጊስን ልጅማ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ዛሬ በዚህ አላለፈም።»

ይግዛው የሽማግሌውን ጥያቄ ለራሱ ደገመው። የማን ልጅ?

ወደ ፋይሉ አናት ተመለሰ። ትናንት ያልነበረ፣ የድረ ገጽ የሚመስል ረጅም አድራሻ እዚያ ተጽፏል፤ የመሣሪያው ፕሮግራም ሲታደስ የገባ መሆን አለበት። ከሥሩ ያለው ስም ሁሉ የዚያ አድራሻ ልጅ ሆኗል። እሱ «ነጥብ፣ ነጥብ» እያለ ያለአባት ሲጣራ፣ ላይብረሪው የትኛው እንደሆነ ስላላወቀ ማንንም አልጠራለትም።

አድራሻውን አንድ ፊደል ሳይስት ከጥያቄው ጋር አያያዘው። ነጥቦቹ ካርታው ላይ ፈሰሱ።

ገዱ ወደ ጨነቅ አልሄደም። የገዱ ነጥቦች ከቡይት ራስ ጥቂት አለፍ ብለው መንገዱን ለቀቁ፣ ወደ ገደሉ አፋፍ አመሩ፣ እዚያው አንዱ ባንዱ ላይ ተቆለሉ።

«ጨነቅ ደርሷል?» አለች።

ይግዛው ዞሮ ሊያያት ፈራ። እሷም አልጠበቀችውም፤ በትከሻው ላይ አሻግራ ካርታውን አየች።

«ስልኩ ሲቋረጥ ‹ጨነቀኝ› ሊለኝ ኖሯል» አለች ቀስ ብላ። «ጋሽ አሻግሬን ጨነቅ ይሂዱ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ይግዛው ስልኩን ከእጇ ወሰደ። «ጋሼ፣ ይመለሱ። ወደ ቡይት ራስ፣ ገደሉ አፋፍ።»

አሻግሬ መኪናውን አዞረ። ገዱን ሳይመሽ ከአፋፉ ሥር የአስታ ቁጥቋጦ ይዞት አገኘው፤ እግሩ ተሰብሮ ነበር፣ ይተነፍስ ነበር።